ያልታጠበው መርጫ

በጨፋ ሮቢት ገበያ ስለ እኔ የሚወራው አጭር ነው። «የገዛ አኩሪ አተሯን በመድኃኒት ያቃጠለችው ሴትዮ» ይሉኛል። ከሩቅ የሚመጡ እህል ነጋዴዎች እንኳ ሰምተውታል። አንድ ጊዜ ማሾ ይዤ ተቀምጬ ሳለ አንዱ ነጋዴ ከጆንያዬ እፍኝ ዘገነና ወደ አፍንጫው አስጠግቶ፣ «ይሄስ አልነደደም?» አለ። አብረውት የነበሩት ሳቁ። እኔ ጆንያዬን አስሬ ቦታ ቀየርሁ።

አሁን አርጅቻለሁ፤ ወሬው ከእኔ በኋላ ለልጆቼ እንዲተርፍ አልፈልግም። ስለዚህ የሆነውን እጽፋለሁ። ስም አልጠራም። የሚያውቁት ያውቁታል፤ የማያውቁትም ስም ቢሰሙ የሚጨምርላቸው ነገር የለም።

ከሚሴ ነው ያደግሁት። አባቴ አስፋልቱ ዳር ትንሽ ሱቅ ነበረው። ስምንተኛ ክፍል ድረስ ካስተማረኝ በኋላ ጨፋ ሜዳ ላይ ለሚያርስ ሰው ዳረኝ። የባሌ ዘመዶች ከገባሁበት ቀን ጀምሮ «የአስፋልት ልጅ» አሉኝ። ሥራዬ ሲያምር «ለአስፋልት ልጅ ደህና ነው» ይላሉ፤ ሳጠፋ ደግሞ «የአስፋልት ልጅ ምን ታውቃለች» ይላሉ። ስለ ባሌ ብዙ አልናገርም። እሱ የእኔ ነው። አንድ ዓመት ከክረምት በኋላ ወባ ያዘው፤ ከሚሴ እስክናደርሰው አልቆየልንም። ሁለት ሴት ልጆችና ከቦርከና ወንዝ ወዲህ ያለውን ማሳ ትቶልኝ ሄደ።

ዒዳዬን፣ የባል ሐዘን ወራቴን፣ እንደጨረስሁ ሽማግሌዎች መጡ። ባሌ ታናሽ ወንድም ነበረው። ባሏ የሞተባትን ሴት ዋርሳዋ፣ የባሏ ወንድም፣ ማግባቱ በአካባቢው የቆየ ልማድ ነው። እሱ ሚስትና ልጆች ነበሩት። ከሽማግሌዎቹ ኋላ ተቀምጦ ጫማውን ያያል። እኔ አልፈልግም አልሁ። ሽማግሌዎቹ የልጆቼን ነገር አነሱብኝ፣ ወንድ የሌለበትን ቤት አነሱብኝ። እሱ ግን አልተቆጣም። ፈገግ ብሎ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ።

«እሺ፤ መሬቱንስ ማን ያርሰዋል?»

ያን ጊዜ የመጣበትን አወቅሁ። የፈለገው እኔን አልነበረም።

ሕጉ ከእኔ ጋር ነበር። የመሬቱ ደብተር ላይ የባሌም የእኔም ስምና ፎቶ አለ። ከሚሴ ቢሮ ድረስ ሄጄ ጠይቄያለሁ፤ «መሬቱ የእርስዎ ነው፣ ማንም አይነካዎትም» ብለው በጨዋ ቋንቋ ሸኙኝ። ሕግ ግን በሬ አይጠምድም። በእኛ ሰፈር ሴት ሞፈር አትጨብጥም። ሽማግሌ ያዘነባት ሴት ቤት ደግሞ ለጅጌ፣ ለደቦ ሥራ፣ የሚወጣ ሰው የለም፤ ብቻዋን ታርማለች፣ ብቻዋን ታጭዳለች፤ ሲደክማት መሬቱን ራሷ ለምና ትሰጣለች። እኔ ቢሮ በሄድሁበት ዓመት ይህን ሁሉ አውቀው ነበር።

በመጨረሻ ሽማግሌዎቹን የሚመሩት ሸህ ፍርድ ሰጡ። ይህን ክረምት ትሞክረው አሉ። ዋርሳዋ በበሬው ያርስላት፤ ዘሩን እሷ ትምረጥ። መሬቱ ካበቀለላት ማንም ሁለተኛ አፉን አይከፍትባትም። ካላበቀለላት ግን ዋርሳዋ ያርሰዋል፣ እሷ ከሚገኘው ትብላ።

«ትብላ» ማለት ምን እንደሆነ አውቅ ነበር። ከእኛ በላይ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች፤ መሬቷን የባሏ ወንድሞች ያርሱታል። በመኸር ጊዜ አውድማው ዳር ቅርጫቷን ይዛ ትቆማለች። ጎተራው ይሞላል፣ ለበሬው ይታሰባል፣ ለዘር ይለያል። ከዚያ አንዱ ቀና ብሎ ያያትና «አሃ፣ አንቺም አለሽ» ይላታል። እኔ ሁለት ልጆች ይዤ እዚያ መቆም አልችልም ነበር። በዚያ ክረምት ለእኔ የተያዘው ነገር ይህ ነበር።

አኩሪ አተር የመረጥሁት ወድጄ አይደለም። ጤፍ ደጋግሞ መታረስ ይፈልጋል፤ የሰው በሬ ደጋግሞ አይለመንም። ማሽላ ወፍ የሚጠብቅ ይፈልጋል፤ ልጆቼ ተማሪዎች ነበሩ። በዚያው ሰሞን የቀበሌያችን የልማት ሠራተኛ አዲስ ዘር መጣ ብሎ ሰው ሲሰበስብ ነበር። ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ፣ ጫማው ላይ ጭቃ ሲነካው የሚደነግጥ ልጅ እግር ነው። ሰዉ አልተሰበሰበለትም። «የማይወጠወጥ፣ የማይቆላ እህል ምን ይሠራልናል?» አሉት። እኔ ወሰድሁለት። ደስታው ዓይኑ ላይ ታየ።

ዋርሳዬ ደህና አድርጎ አረሰው። ይህን አልክድም። የሚያርሰው ለራሱ እንደሆነ ሰው ነበር ያረሰው።

አኩሪው ሐምሌን አማረበት። ነሐሴ ሲያልቅ ግን ቦርከና ሞላ፤ ውሃው የማሳዬ ታችኛው ክፍል ላይ ተኝቶ ሰነበተ። ውሃው ሲሸሽ ቅጠሉ ገርጥቶ ቀረ። አበባ ሊያወጣ የተዘጋጀ ቡቃያ እንደታመመ ልጅ ፊቱ ቢጫ ሆነ። የልማት ሠራተኛውን ፍለጋ ሄድሁና ይዤው መጣሁ። ጎንበስ ብሎ አንዱን ነቀለው፤ ሥሩን አሳየኝ፤ ጠቁሯል።

«እትዬ፣ ሥሩ ታፍኗል፤ ከመሬት መብላት አቅቶታል» አለኝ። «አሁን ማዳበሪያ አፈሩ ላይ ቢበትኑ ከንቱ ነው። በቅጠሉ እናጉርሰው።»

በቅጠል ማጉረስ የሚባል ነገር ሰምቼ አላውቅም ነበር። ለሠርቶ ማሳያ የመጣ የቅጠል ማዳበሪያ ጠርሙስ ከቢሮው አወጣልኝ። በውሃ ይበጠበጣል፣ በጀርባ መርጫ ቅጠሉ ላይ እንደ ጤዛ ይረጫል፤ አበባ ሲጀምር አንዴ፣ ፍሬ ሲይዝ ደግሞ ሌላ ጊዜ። ፀሐይ ሲበርድ ይሁን፣ ዝናብ ያላረገዘ ቀን ይሁን አለኝ። ጠርሙሱን በነጠላዬ ጠቅልዬ ቤቴ አገባሁት። ለሁለቱ ልጆቼ ያሳየሁት ወርቅ እንደሚያሳይ ሰው ነው። ትልቋ ክዳኑን ከፍታ አሸተተችው፤ ምንም ሽታ የለውም አለች።

የቀረው መርጫው ነበር። በሰፈራችን ያለው መርጫ አንድ ነው፤ በተራ ይዞራል። ስለዚህ መርጫ አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት አንዱ ፀረ አረም ረጭቶ ሲያበቃ መርጫውን የመስኖ ቦይ ውስጥ አለቀለቀው፤ ከታች የጠጡ ላሞች ሞቱ። ሰፈሩ ሊጋደል ደርሶ ሽማግሌዎች ገቡ። ከእንግዲህ መርጫውን ወንዝ ላይም ሆነ ቦይ ውስጥ፣ ጉድጓድ ዳርም ያጠበ ሰው ከወዳጃ ዱዓም ከለቅሶም ይገለል ብለው ዱዓ አደረጉበት። የፈሩት ለከብቶቹ ነው፤ ጥሩ አደረጉ። ግን ውሃ ያለው እዚያው ብቻ ስለሆነ ሰዉ ማጠቡን እርግፍ አድርጎ ተወው። የረጨ ሰው የተረፈውን ማሳው ዳር ይደፋና መርጫውን ገልብጦ ያስቀምጠዋል፤ ተረኛው ያነሳዋል። መርጫው የሚውለው ለጤፍ ነው፤ ጤፍ ደግሞ ሁሉም የሚረጨው አንድ ዓይነት ፀረ አረም ነው። ስለዚህ የጎዳው ሰው አልነበረም።

መርጫውን እኔው ልሸከመው ብዬ ነበር። ሳቁብኝ። የመርጫ መድኃኒት የሴት ማህፀን ያደርቃል ይባላል። «ማህፀኔን ተዉት፣ ሥራውን ጨርሷል» ብላቸው አልሰሙኝም። ዋርሳዋ ይርጭላት ተባለ።

እሱ በዚያ ሰሞን ጤፉን ሲረጭ ነበር የከረመው። ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ ሲበርድ መርጫውን በጀርባው አዝሎ መጣ። እኔና ልጆቼ በጀሪካን ውሃ ቀድተን፣ በሻሼ አጥልዬ አዘጋጅቼ ነበር። ጠርሙሱን ሰጠሁት፤ በጠበጠው። ወደ ማሳው ሲገባ በአጠገቤ አለፈ። ያን ጊዜ ሽታው አፍንጫዬን መታኝ።

«ይሄ ምንድነው የሚሸተው?» አልሁት።

«መርጫ ምን ይሽተት? ሽቶ ላርከፍክፍልሽ?»

«የጤፍ ፀረ አረም ነው የሚሸተው።»

«እታለም፣» አለ ሳይዞር፣ «አንቺ የአስፋልት ልጅ ነሽ፤ የገበሬ ነገር ሁሉ ይሸትሻል።»

እየረጨ ሄደ። ከታች ጀምሮ ወደ ላይ ረጨ። ከመንገዱ በኩል ያሉት ጥቂት መስመሮች ሲቀሩ ፈሳሹ አለቀ። «እነዚህ ለሁለተኛው ዙር ይደርሳቸዋል» ብሎ መርጫውን አወረደና ሄደ። ቅጠሉ በምሽቱ ብርሃን ያብለጨልጭ ነበር። ልጆቼን አቅፌ አልሐምዱሊላህ አልሁ።

በማግስቱ ጠዋት ማሳው አንገቱን ደፍቶ አገኘሁት። እንደ ጠወለገ ነገር አይደለም። የጠወለገ ዝም ብሎ ይዝላል። ይሄ የተጠመዘዘ ነበር። አገዳው እንደ ገመድ ተጣሟል፤ ቅጠሉ እንደ ማንኪያ ወደ ውስጥ ተቆልምሟል፤ የቅጠሉ ዘንግ ወደ መሬት ተንጋዷል። ከላይ ያልተረጩት መስመሮች ብቻ ገርጥተውም ቢሆን ቀጥ ብለው ቆመዋል። መሃል ላይ ተቀመጥሁ። 

የልማት ሠራተኛው መጥቶ አንድ ቅጠል ቆረጠ፤ ወደ ብርሃኑ አድርጎ አየው። ፊቱ ተለዋወጠ። ማን እንደረጨና መርጫው ከዚያ በፊት ምን ላይ እንደዋለ ጠየቀኝ። ነገርሁት። ያ የጤፍ ፀረ አረም ቅጠለ ሰፊ የሆነን ሁሉ እንደሚገድል፣ አኩሪ ላይ ደግሞ ጥቂቱ እንደሚበቃው አስረዳኝ። መርጫው ታጥቦ ቢሆን ይህ አይመጣም ነበር አለ።

«አጠባውን የሚያውቅ ሰው የለም» አልሁት።

«እንዴት የለም?» አለኝ። «ስልጠና ላይ አሳይቻለሁ። በሳሙና ደጋግሞ አጥቦ፣ እጣቢውን ከብት የማይደርስበት ጉድጓድ ቆፍሮ መድፋት ነው። እንዲያውም በሰው ፊት ያጠበው የእርስዎ ዋርሳ ነው። እኔ ነኝ የመረጥሁት፤ እጁ ፈጣን ነው።»

ስልጠናው ላይ ሴት አልተጠራም ነበር። እኔ አላየሁም። እሱ ግን በሰው ፊት ቆሞ አጥቦት ነበር።

ይህን ቃል ሽማግሌዎች ፊት እንዲደግምልኝ ለመንሁት። «ኢንሻአላህ» አለኝ። ክርስቲያን ነው፤ በእኛ ቃል ሲመልስልኝ መጠርጠር ነበረብኝ።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ሰው ሲያወራው እሰማለሁ፤ እውነት ነው። ቅጠል አጠብሁ። ልጆቼን ትምህርት አስቀርቼ፣ ከቦዩ ውሃ እየቀዳን፣ በሻሽና በአሮጌ ቀሚስ ቁራጭ ቅጠሉን አንድ በአንድ ጠረግን። የልማት ሠራተኛው መድኃኒቱ ወደ ቅጠሉ ውስጥ ገብቷል፣ መታጠቡ አይጠቅምም ብሎኝ ነበር። ሰምቼዋለሁ። ግን እጄን አጣጥፌ መቀመጥ አልቻልሁም። ትንሿ ልጄ እየታጠበ ያለ ቅጠል በእጇ ላይ ሲረግፍባት ወደኔ እያየች በጉልበቷ ሥር ትደብቀው ነበር። የሰፈሩ ሴቶች ድንበሩ ላይ ቆሙ። አንዷ፣ «ሕፃን ነው የምታጥቢው?» አለችኝ። ሌላዋ «ክርስትና ልታነሳው ይሆናል» አለችና ተሳሳቁ። ቀና ብዬ አላየኋቸውም። ሁለቱንም ግን በድምፃቸው አውቃቸዋለሁ፤ አንዷ ዛሬም ዘይት ሲያልቅባት ወደ እኔ ትልካለች።

ወዳጃም ሄድሁ። ሴቶች ተሰብስበው ዱዓ የሚያደርጉበት ቀን ነበር። ጫት ይዤ ገብቼ ችግሬን ተናገርሁ። የምትመራው ትልቅ ሴት እጇን ዘርግታ ረጅም ዱዓ አደረገች። በኦሮምኛ ጀምራ በአማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ ዓረብኛ ተሻገረች። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ስለ አኩሪዬ መስሎኝ አሚን፣ አሚን እል ነበር። ወደ መጨረሻው ስሰማ ለካ «ረቢ ሆይ፣ የዚችን ልጅ ልብ አራራው፣ የሽማግሌ ቃል የምትሰማ አድርጋት» እያለች ነው። እኔም በራሴ ላይ ከሁሉ ይልቅ ጮክ ብዬ አሚን ብያለሁ። ሁለተኛ አልሄድሁም።

አንዳንዱ አገዳ ከጎኑ አቆጠቆጠ። የተሰነጠቀ፣ ያበጠ ግንድ ላይ ትንንሽ ቅጠል ወጣ። እየዞርሁ እጠብቀው ነበር፤ ከብት እንዳይነካው፣ ውሻ እንዳያልፍበት፣ ነፋስ እንዳይሰብረው የሚመስለኝን ሁሉ አደረግሁ። አበባው ግን አብዛኛው ረግፎ አልቋል። ፍሬ የያዘውም ቅርፊቱ ተጣሞ ባዶውን ነበር።

ኅዳር ላይ ሽማግሌዎች ማሳውን ሊያዩ መጡ። ዋርሳዬም መጣ፤ የልማት ሠራተኛውንም አስጠራሁት። ታችኛው ክፍል ሲረገጥ ይንኮሻኮሻል፤ ፍሬ የለውም። ከላይ ያልተረጩት መስመሮች ግን ውሃ ብዙ ያልተኛበት ቦታ ስለሆኑ አገግመው ፍሬ አንጠልጥለዋል። ሽማግሌዎቹ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ ሄዱ። ከዚያ አንዱ የሁሉንም ሐሳብ ተናገረ። መድኃኒት የደረሰው ሞተ፣ ያልደረሰው ዳነ፤ እንግዲህ የገደለው መድኃኒቱ ነው፤ መድኃኒቱን ያመጣችውም እሷ ናት አለ። ዋርሳዬ አንገቱን ነቀነቀ፤ ያዘነልኝ ለመምሰል።

«መድኃኒቱ የእኔ ነው፤ መርጫው ውስጥ የቆየው ግን የእሱ ነው» አልሁ። ሽታውን እንደነገርሁት፣ እንደሳቀብኝ፣ ማጠብ እንደሚያውቅ፣ ሰው ፊት ቆሞ እንዳጠበ ሁሉንም ተናገርሁ። ከዚያም ወደ ልማት ሠራተኛው ዞርሁ። ጫማውን አየ።

«እንግዲህ ላቦራቶሪ ሳይመረመር እርግጠኛ ሆኖ መናገር ይከብዳል» አለ።

 ከጥቂት ወራት በኋላ ዕድገት አግኝቶ ወደ ሌላ ወረዳ ሄደ ሲሉ ሰማሁ። የት እንደደረሰ አላውቅም። ይህን ካነበበው ግን ያን ቀን ያለውን አስታውሶ ያንብበው።

ሸሁ ወደ ዋርሳዬ ዞረው መርጫው መታጠብ እንደነበረበት ታውቅ ነበር ወይ ብለው ጠየቁት። ያ ሰው ቢሮ ሲገባ ከእኔ የበለጠ አማርኛ ይናገራል። ያን ጊዜ ግን መሬት መሬት እያየ «ሂን ቤኩ» አለ። አላውቅም ማለቱ ነው።

«እንግዲያው ቁርአን ይምታ» አልሁ።

 በእኛ ዘንድ መሐላ እንደ ዋዛ አይጠራም። በሐሰት የመታ ሰው ዘሩ አይባረክም ስለሚባል ሰው መሐላ ከሚገባ መሬቱን ቢያጣ ይመርጣል። ዋርሳዬ ፊቱ ገረጣ። እኔም አየሁት፣ እነሱም አዩት።

ሸሁ ወደ እኔ ቀረቡ። «ልጄ፣ የወንድማማች ቤት ነው፤ መሐላ ውስጥ አንግባ። አውፍ በይው፣ ይቅር በይው» አሉኝ።

«ይማል፤ ከማለ በኋላ አውፍ እለዋለሁ አባዬ።»

«እሱ ካልማለስ?»

«ካልማለማ ያውቅ ነበር።»

እሱ አልማለም። እኔም አውፍ አላልሁም። ሽማግሌዎቹ ከዛፍ ሥር ብዙ ተንሾካሾኩ። በእኛ ልማድ መሐላ የተጠራበት ነገር መሐላው ሳይፈጸም ወይም አውፍ ሳይባል ከቀረ ነገሩ ክፍት ነው። ክፍት ነገር ያለበትን መሬት ደግሞ በእጁ ከያዘው ሰው ሌላ ማንም አያርሰውም፤ ያረሰ ሰው የሰውን ሐቅ በላ ይባላል። ስለዚህ ሰብሌን አጥቼ፣ በገቡት ቃል መሠረት ተሸንፌ፣ መሬቱ ግን በእጄ ቀረ። ይህን አስቀድሜ አስቤው አልነበረም። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው የገባኝ። ይቅር እስካላልሁት ድረስ መሬቱ የእኔ ነው።

ይህ ደስታ የሚመስለው ካለ አብሮኝ ይኑርና ይየው። ከዚያ ዓመት ጀምሮ በሰፈሩ ለጅጌ የጠራኝም የመጣልኝም የለም። በመጀመሪያው ክረምት እኔና ልጆቼ በዶማ ቆፈርን፤ የትልቋ መዳፍ ተልጦ ደብተር መያዝ አቅቷት ነበር። ከዚያ በኋላ ሰንበቴ ገበያ ሄጄ ሥራ ፍለጋ የወረደ ደገኛ እያነጋገርሁ በእኩል አሳረስሁ። ማሾ ዘራሁ። አንዳንዱ ዓመት ሞላልን፣ አንዳንዱ ዓመት የተዘራው እንኳ አልተመለሰም። ልጆቼን በሰው እጅ ሳይሆን ከዚያ ማሳ አበላሁ። ሲዳሩ ድንኳን የተከለልን ከከሚሴ የመጣ የእናቴ ወገን ነው። በየኢዱ ሽማግሌ ይመጣል። ውሃ አቀርባለሁ፣ ምግብ አቀርባለሁ፣ አዳምጣለሁ። «በዚህ በኢድ ቀን አውፍ በይው» ይላሉ። «ይማል» እላለሁ። ይሄዳሉ።

ዋርሳዬ ከጥቂት ዓመታት በፊት ታመመ። ትልቁ ልጁ በባጃጅ መጥቶ ወሰደኝ። ከሚሴ ሆስፒታል አልጋ ላይ ሳገኘው ያ ሰፊ ትከሻው ጠፍቷል። ልጁን አስወጣው። ከዚያ፣

«ያን ቀን ቸኩዬ ነበር» አለኝ።

«የት ልትሄድ?»

 ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሽታው በአፍንጫዬ እስኪመጣ ድረስ ያን ከሰዓት አየሁት። የሚቸኩልበት ምንም ቦታ አልነበረውም። ቀስ እያለ ነበር የረጨው፣ አንድም መስመር ሳይዘል። «አላህ ያሽርህ» ብዬው ወጣሁ። አውፍ ግን አላልሁም።

የሞተ ዕለት ጀናዛው ታጥቦ፣ ተከፍኖ ሳለ ሸሁ ራሳቸው በምርኩዝ ቤቴ ድረስ መጡ። ዕድሜ ጎንበስ አድርጓቸዋል። የሟቹ ልጆች ከኋላቸው ቆመዋል። ሰው አውፍ ሳይባል በሐቅ ተይዞ መቀበሩ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቃል። ሸሁ አልተቆጡኝም፤ ለመኑኝ። እኚህ ሰው ሲለምኑ አይቼ አላውቅም ነበር።

«ልጄ፣ ጀናዛው እየጠበቀሽ ነው። አንድ ቃል ናት።»

 ቃሏ አፌ ላይ ደርሳ ነበር፤ ይህን አላህ ያውቃል። ግን የሟቹን ልጆች አየሁ። ትልቁ ዓይኑን ከእኔ ላይ አንስቶ ከትከሻዬ በላይ ወደ ማሳው አየ።

«አባዬ፣» አልሁ፣ «አውፍ ካልሁ ነገሩ ይዘጋል። ከተዘጋ በኋላ መሬቱ የማን ነው?»

ሸሁ ምርኩዛቸውን ከእጅ ወደ እጅ ቀየሩ። ከዚያ፣ «እሱን ከቀብር በኋላ እንነጋገርበታለን» አሉኝ።

«እንግዲያው አውፉንም ከቀብር በኋላ እንነጋገርበታለን» አልኋቸው።

ተሸክመውት በደጄ አለፉ። ወንዶቹ አንዱም ወደ እኔ አላየም። ሴቶቹ ለቅሶ ቤት ሲሄዱ በር ዘግቼ ተቀመጥሁ። አሁን ስሰግድ ከዱዓዬ ሁሉ በኋላ የእሱ ስም ይመጣብኛል፤ ልናገር እሞክርና ምላሴ ይያዛል። የሞተ ሰው ላይ ቂም መያዝ ከባድ ነው፤ አይማልልህም፣ አይከራከርህም፣ ዝም ብሎ ይጠብቅሃል። ልጆቹ ሽማግሌ አሰባስበው ስለ አውፉና ስለ መሬቱ ሊነጋገሩ በዚህ ሳምንት እንደሚመጡ ሰምቻለሁ። ቤቱን ጠርጌያለሁ። የሚቀመጡበትን ምንጣፍም አውጥቼ አራግፌያለሁ።